ጤነኛ የተባለው እጅ

ሰኞ ማታ

መጣ! ማሽኑ መጣ! "በቅርቡ ይገባል" እየተባልን ተስፋ የቆረጥንበት የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ዛሬ ከሰዓት በሣጥን ሆኖ፣ በአራት ወንድ ሸክም፣ በዚያ ጠባብ ኮሪደራችን ገባ። በሩ አላሳልፍ ቢል በሩ ራሱ ተነቀለ። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ "ቀስ! ቀስ በሉ! ግድግዳ እንዳታስነኩት!" ስል ወረፋ የሚጠብቁት ታካሚዎች ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተሯ ሣጥኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ራጁንም አልትራሳውንዱንም አንብበው ውጤት የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ሲደሰቱም ሲቆጡም ፊታቸው ያው ነው። "ሬዲዮ፣ ይሄን ክፍል አንቺ ትይዢዋለሽ" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሬዲዮ የሚሉኝ አፌ ስለማያርፍ ነው። ያን ጊዜ ግን አረፈ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ብቻዬን ዘለልኩ።

እስካሁን ጣቴን አመመኝ፣ እጄን ቆረጠመኝ ብሎ የመጣን ሰው ራጅ ነው የምናነሳው። ራጅ ደግሞ አጥንት ነው የሚያየው። ሩማቶይድ የሚሉት በሽታ አጥንቱን እስኪበላው ጠብቆ "አዎ፣ ተበልቷል" ይላል፤ ሌባው ከሄደ በኋላ የሚደርስ ዘበኛ ማለት ነው። አዲሱ ማሽን ግን ገና የመገጣጠሚያው ሽፋን ሲቆጣ፣ ደም በማይበዛበት ቦታ ሲበዛ፣ ቀይ አድርጎ ያሳያል። አጥንት ሳይነካ፣ ጣት ሳይጣመም! አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ማንኪያ በሁለት እጇ ነበር የምትይዘው። ያኔ ይሄ ማሽን ቢኖር ኖሮ… ይቅር፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት

አጭር። ቸኩያለሁ። እስክሪብቶው ከበደኝ። የጋውኔን ቁልፍ እማዬ ቆለፈችልኝ። ደስታ ጣት ያደነዝዛል መሰለኝ። ልሩጥ።

ማክሰኞ ማታ

ማሽኑን የሚተክለው ሰው መጣ፤ የኩባንያው ኢንጂነር። ሽበታም ሰውዬ ጠብቄ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሸሚዙ ኪስ በእስክሪብቶ ፈንታ ካቻቢቴ የሰካ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክፍሉ ሁሉ "ካቻቢቴ" ይለው ጀመር። ስሙን ማን እንዳወጣለት አልናገርም። (እኔ ነኝ።)

ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክኮ ገመድ ሲቀጥል አጠገቡ ቆሜ ወሬዬን ለቀቅኩበት። ስለ ኮሪደሩ፣ ስለተነቀለው በር፣ ስለ ዶክተሯ ፊት። ቀና ሳይል "ማሽኑ ገና አዲስ ነው፣ በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ ባይሰማ ይሻለዋል" አለኝ። ቁጣ መስሎኝ ክው አልኩ። ኋላ ሳየው ጠረጴዛው ሥር ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔም ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

እኛ ክፍል አንድ ልማድ አለ። አዲስ ማሽን ሲገባ ከሠራተኛው አንዱ "ጤነኛ" ሆኖ ይተኛለታል፣ ማሽኑም በእሱ ገላ ላይ ይስተካከላል። የዶክተሯ ጉበት ለሁለት ማሽን ተኝቷል። የጥበቃው ሰውዬ ኩላሊት ከሁላችንም ፊት በላይ ፎቶ ተነስቷል። ካቻቢቴ "ለነገ ጤነኛ እጅ የሚያበድረኝ…" ብሎ ሳይጨርስ እጄ ወጥቶ ነበር። ግራ እጄ። ቀኙን ለፕሮቡ፣ ገላ ላይ ለሚያርፈው የማሽኑ ጫፍ፣ መያዣ እፈልገዋለሁ።

ረቡዕ ማታ

እጄን ያዘኝ።

ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ጄል ቀባኝና "ይቅርታ፣ ጄሉ ይቀዘቅዛል" አለኝ። እኔው ራሴ ቀኑን ሙሉ ለታካሚ የምለው ነገር ነው፤ እንዲህ ደስ እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ፕሮቡን ጠቋሚ ጣቴ ሥር ያለው አንጓ ላይ በቀስታ አሳረፈው።

የደም ፍሰቱን ቀለም ሲከፍተው አንጓዬ መሃል ላይ ቀይ በራ። ትንሽም አይደል፣ ደህና አድርጎ በራ።

"አሃ" አለ ካቻቢቴ። "ጤነኛ እጅ ላይ ይሄ መኖር የለበትም። ማሽኑ የሌለ ነገር እያየ ነው።"

እኔ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። የማሽን ስህተት ሲሆን ቀለሙ እዚህም እዚያም እንዳሻው ይረጫል። ይሄኛው ቦታውን ሳይለቅ፣ ከልቤ ምት ጋር እኩል ቦግ እልም ይላል። ሰውዬው እጄን ይዞ ልቤ እንዴት አርፋ ትምታ? ምክንያቱን ስላወቅኩት ሳቄን ዋጥኩና ዝም አልኩ። ምን ልበለው? "ማሽኑስ ደህና ነው፣ እርስዎን አይቼ ነው" ልበለው?

የቀለሙን ጉልበት የሚወስነውን ቁልፍ ዝቅ አደረገው። ቀይ። ዝቅ። አሁንም ቀይ። ምርር ብሎት ሌላም ሌላም ነካክቶ እንደገና ዝቅ ሲያደርገው ጨለመ። "በቃ፣ አሁን ጤነኛ እጅ ጤነኛ መሰለ" አለና "ለእጅ" ብሎ ማሽኑ ላይ መዘገበው። ከእንግዲህ የማንም እጅ ሲመጣ አንዲት ቁልፍ ስጫን ማሽኑ በኔ እጅ ልክ ተስተካክሎ ይጠብቀኛል። የአገሩ እጅ ሁሉ በኔ እጅ ሊለካ ነው! ቀላል ክብር አይደለም።

ጄሉን ራሱ ጠረገልኝ። አንጓዬን ጫን ሲለው "እህ" አልኩ። "አመመሽ እንዴ?" አለኝ። አመመሽ! ጠዋት "እርስዎ" ነበርኩ እኮ! ሕመሙ የት እንደገባ እንጃ፣ ቤቴ የደረስኩት እየበረርኩ ነው።

ዓርብ

ካቻቢቴ ሄደ። ሌላ ከተማ ሌላ ማሽን ይጠብቀዋል። ስልኩን "ማሽኑ ችግር ካለበት" ብሎ ሰጠኝ። ማሽኑ ችግር እንዲገጥመው ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ፣ ሥራ የጀመርንበት

የክፍሌ በር ተመልሶ ተገጥሟል፤ "የመገጣጠሚያ ምርመራ" የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። አንዱን ጥግ ማጣበቂያው አልያዘልኝም፣ ጣቴ አልጫን አለኝ። ጠማማ ይሁን፣ ያምራል።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ከኔ ብዙ ስለምትበልጥ እትዬ አልኳት፤ እሷ ገና ከመቀመጧ "የኔ ልጅ" አለችኝ። ጠዋት ጠዋት እጇ አልዘረጋ ይላታል፣ መቀሱ ከእጇ ይወድቃል። "አለቃዬ ሰንፈሻል ይለኛል፤ ባሌ ደግሞ ያው ከአለቃዬ ጋር ነው" አለችኝ እየሳቀች።

"አይዞዎት እትዬ፣ ጄሉ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ሌላው ደህና ነው" አልኳት። "ለእጅ" የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። የአንጓዎቿ ሽፋን ወፈር ያለ መሰለኝ፣ ቀይ ግን የለም። አንድም ቦታ። ዶክተሯ አይተው "ቀይ ከሌለ የነቃ ብግነት አለ አንልም" አሉና ጻፉ። ራጇም ንጹህ ነው።

"ደስ ይበልዎት እትዬ፣ ምንም የለብዎትም!" አልኳት አፌን ሞልቼ።

ደስ አላላትም። እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ምንም የለብኝም ማለት… ታዲያ ምንድን ነው የሚያመኝ?" አለችኝ። ጨመቅ አድርጌ ጨበጥኳትና ሁለታችንም እጃችንን ቶሎ ሳብ አደረግን። ሳቅን።

ሐሙስ ጠዋት

ብርጭቆ ሰበርኩ። ሳሙናው ነው። እማዬ እጄን እያየች ጠረገችው። አስተያየቷ አላማረኝም። ቸኩያለሁ።

እሑድ ማታ

ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ። እማዬ ሠላሳ ዓመት ታይፕ የመታች ሴት ናት፤ ጡረታ ወጥታም ስታወራ ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋሉ። የማር ብልቃጧን ልክፈት ብዬ ስታገል ከእጄ ወስዳ በአንድ ጊዜ ጠምዝዛ ከፈተችውና መለሰችልኝ።

"የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ክዳን ትከፍትልሽ?" አለችኝ።

"አንቺ አጥብቀሽ ዘግተሽው ነዋ!"

"ቀለበትሽስ? እሱንም እኔ ነኝ ያጠበቅኩት?"

የጌጥ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ ካለ ሰነበተ። ወፍሬ ነው አልኳት። ቀሚስሽ እኮ ሰፍቶሻል አለችኝ። ከእማዬ ጋር ክርክር አይገጠምም። ቀጥላ "አክስትሽም መጀመሪያ ቀለበቷ ነበር" ልትል አፏን ስትከፍት ስልኬ ጮኸ። ተገላገልኩ!

ካቻቢቴ ነው! በየማታው ይደውላል፣ ስለ ማሽኑ ሊጠይቅ።

"ማሽኑ እንዴት ዋለ?"

"ዛሬ እሑድ ነው፣ ተኝቶ ዋለ።"

"ምሳስ በላ?"

"ጄል ጠጣ።"

ይሄን ያህል ቂል ነገር እያወራን ምጣዱ ላይ የጣድኩት ነገር አርሮ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ። እማዬ መስኮት ከፈተች። ስልኩን በቀኝ እጄ ይዤ ግራውን ብብቴ ሥር አሙቄው ነበር። ሲሞቅ ደህና ይሆናል።

ማክሰኞ

ዛሬ የራጅ ክፍሉን ልጅ "እስቲ ለቀልድ እጄን አንሳኝ" አልኩት። አነሳኝ። ንጹህ! አጥንቴ አንድ ጭረት የለበትም! ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌ ለመጣው ሁሉ "እዩት፣ ከዚህ የሚያምር አጥንት አላችሁ?" አልኩ። ዶክተሯ ሲያልፉ አዩትና "ለምን ተነሳሽው?" አሉኝ። ለቀልድ ነው አልኳቸው። አልሳቁም፤ እሳቸው ግን መቼስ ስቀው ያውቃሉ?

ዓርብ

የሚገርም ነው። ሥራ ከጀመርን ጀምሮ አንድም ቀይ አላየሁም። አናጢው ንጹህ፣ ነርሷ ንጹህ፣ የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ንጹህ። ከተማው ሁሉ ጤነኛ ነው! ለካቻቢቴ ነገርኩት። "ሁሉም?" አለኝ። "ሁሉም!" አልኩት በኩራት።

ረቡዕ

እትዬ ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች። ስድስት ሳምንት ሆኗታል። የኛ ሆስፒታል የሌለውን ኤም አር አይ ሌላ ቦታ ተነስታ፣ ትልቁን ፖስታ በብብቷ ይዛ። በጣቷ መያዝ አልቻለችም።

ዶክተሯ ምስሉን መብራቱ ላይ ሰቀሉት። አንጓዎቿ ዙሪያ ያለው ሽፋን ደህና አድርጎ ተቆጥቷል። እኛ "ምንም የለም" ያልነው አንጓ። እኔ "ደስ ይበልዎት" ያልኳት አንጓ።

"ከድርጅቱ ውጪ ተብያለሁ" አለች እትዬ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። "የናንተን ወረቀት አሳዩኝ ሲሉኝ አሳየኋቸዋ። ምንም የለባትም ይላል።"

ዶክተሯ ተቀመጡ። እሳቸው ቆመው ነው የሚሠሩት፤ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ለእትዬ "መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንዲጀምሩልዎት ለመገጣጠሚያ ሐኪሙ እደውላለሁ" አሏት። እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄ ማሽን አያይም። የተከለው ልጅ ይምጣና ይጠየቅበታል። ለኩባንያው ደብዳቤ እጽፋለሁ።"

ይመጣል! መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ይመጣል፣ ሰማያዊውን ቀሚሴን እለብሳለሁ። ቀጥሎ የእትዬ ፖስታ ታየኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ

ዛሬ ሰው ሲወጣ ክፍሉን ዘጋሁና ብቻዬን ተቀመጥኩ። ካቻቢቴ ዝቅ ያደረገውን ሁሉ ወደ ነበረበት መለስኩት። እየሳቅኩ ነበር፤ "ኧረ ምን እየሠራሁ ነው" እያልኩ። በቀኝ እጄ ፕሮቡን ይዤ ግራ አንጓዬ ላይ አሳረፍኩት።

ቀይ።

እሱ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ማንም እጄን አልያዘኝም። ልቤ ቀስ ብላ ትመታለች፣ ቀዩም ከሷ ጋር ቀስ እያለ ቦግ እልም ይላል። ሁለተኛው ጣት። ቀይ። ሦስተኛው። ቀይ። ስንቱን ሰው "የማሽን ስህተት አይመታም፣ ደም ግን ይመታል" ብዬ ያስተማርኩ ሴት ነኝ።

ጤነኛ ነው ብለን ማሽኑን የለካንበት እጅ ይሄ ነው። የኔ እጅ ጤነኛ እንዲመስል የእትዬን ሕመም አጠፋነው። የአናጢውንም፣ የነርሷንም፣ የጸሐፊዋንም ይሆናል።

ከዚያ ያደረግኩትን ልጻፈው። ማሽኑን ወደ ጨለማው መለስኩት። "ለእጅ"። ጄሉን ጠረግኩ። መብራት አጠፋሁ። ለጥበቃው ሰውዬ "ደህና እደሩ፣ ኩላሊትዎ እንዴት ነው?" ብዬ ቀለድኩና ወጣሁ።

ዓርብ

ዛሬ የመጡትን ሁሉ ለሰኞ ቀጥሬ መለስኳቸው። ለዶክተሯ "ማሽኑ እስኪታይ" አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ግማሽ ውሸት ነው።

ቅዳሜ

ዶክተሯ ደብዳቤውን አሳዩኝ። "በባለሙያው ቸልተኝነት" ይላል። አነበብኩት፣ "ጥሩ ተጽፏል" አልኩ። ጥሩ ተጽፏል! ምላሴ ይቆረጥ።

ዶክተሯ ለሰኞ የጠሩት ካቻቢቴ ማታ ደወለ። "ምን አጥፍቼ እንደሆነ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ አስታወስኩት፤ ስህተቱን አላገኘሁትም" አለኝ። ለቀልድ እንኳን "ማሽኑ ምሳ በላ?" አላለኝም።

ብናገር ምን ይቀርብኛል? ክፍሉ ይቀርብኛል። አንጓው ያበጠ ሰው ፕሮብ ይሰጠዋል? በሩ ላይ የለጠፍኩት ጠማማ ወረቀት ይቀደዳል። ደግሞ "ሩማቶይድ" የሚለው ቃል በኔ ስም ፊት ይጻፋል፣ እንደ አክስቴ። ዝም ብል ምን ይቀርብኛል? እትዬ ልብስ ሰፊዋ እጇን ገልብጣ ያየችው አስተያየት ይመጣብኛል። አንጀቴን ይበላኛል።

ሰማያዊውን ቀሚስ ተኮስኩት። ካውያው በሁለት እጅ ነው የተያዘልኝ።

ሰኞ ማታ

ከየት ልጀምር! ልቤ አሁንም ቦታዋ አልተመለሰችም።

ካቻቢቴ ጠዋት መጣ፤ ከስቷል፣ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴው የለም። ዶክተሯ ክንዳቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። ልጁ ማሽኑን ፈታ፣ ገመዱን ቀየረ፣ ፕሮቡን ቀየረ፣ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ዘረጋ።

"እስቲ ያንን ጤነኛ እጅሽን አበድሪኝ። ካቆምንበት እንጀምር።"

እጄ እኮ ልቡ ሄዷል! ጣቶቼ ወደ እሱ ሲሄዱ አየኋቸው። አንድ "እሺ" ብል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል፤ እጄን ይይዘኛል፣ ቁልፉን ዝቅ ያደርጋል፣ ይጨልማል፣ ከተማው ሁሉ እንደገና ጤነኛ ይሆናል።

"አልሰጥህም" አልኩት። እጄን ጀርባዬ ኋላ ደበቅኩት።

ፊቱ ደም መሰለ። "ይቅርታ… እኔ… በስልክ አብዝቼ ከሆነ…"

"አላበዛህም! ኧረ እንደውም አንሷል!" ብዬ ጮህኩ፣ ዶክተሯ ፊት። ከዚያ በኋላ የቀረው ይወጣ ዘንድ ምን ያግደዋል? "እጁ ጤነኛ አይደለም! ያን ቀን የበራው ስህተት አልነበረም፣ እኔ ነኝ! ከልቤ ጋር ሲመታ አይቻለሁ። አንተን አይቼ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሐሙስ ዕለት ግን አንተ የለህም፣ በራ!"

ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማ ነበር።

ካቻቢቴ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "በሕመም ላይ ነዋ የለካሁት" አለ። ሁለት ጊዜ ደገመው።

ዶክተሯ ፊታቸው ያው ነው። "ሐሙስ ነው ያወቅሽው?"

"አዎ ዶክተር።"

"ቅዳሜ ደብዳቤውን አንብበሽ ጥሩ ተጽፏል ብለሽኛል።"

"አዎ ዶክተር።"

መሬት ብትከፈትልኝ ብዬ ወለሉን አየሁ። "የሚያሳፍረው እጅሽ መታመሙ አይደለም" አሉኝ። ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱት። "ነገ ከአንቺ ሌላ ጤነኛ እጅ አምጪልኝ። የምር ጤነኛ።"

ማክሰኞ ማታ

እማዬን አመጣኋት!

ደህና ጫማዋን አድርጋ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና ሁለቱንም እጇን እንደ ሹመት ዘረጋች። ካቻቢቴ ቁልፉን ከፍ አደረገው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም እስኪረጭ። ከዚያ የሚረጨው እስኪጠፋ ብቻ ዝቅ፣ እዚያው ላይ ቁም። የእማዬ አንጓዎች ጸጥ ያሉ ናቸው። አሥሩም ጣት፣ ጭል የሚል የለም።

"ንጹህ ነዎት እናቴ" አላት።

"ሠላሳ ዓመት ታይፕ" አለች እማዬ ለክፍሉ በሙሉ። ቀጥላ ካቻቢቴን ከላይ እስከ ታች አየችውና "ምጣዴን ያሳረርከው አንተ ነህ?" አለችው። ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

እትዬ ልብስ ሰፊዋን ጠርተናት ነበር። በአዲሱ ልኬት ስትታይ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። መድኃኒት ጀምራም ገና ይነዳል። አንገቷን አስግጋ አየችው።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው እትዬ።"

"ታየ?"

"ታየ።"

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። "ፎቶውን አትሚልኝ፣ ለባሌ፣ ለዚያም አለቃ" አለች። አተምኩላት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ያኔ ምንም የለብዎትም ያልሽኝ አንቺ ነሽ አይደል?"

"እኔ ነኝ።" ማሽኑ እንዴት እንደተሳሳተ፣ በማን እጅ እንደተሳሳተ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሌሊት ሌሊት አብጄ ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት" አለችኝ። ሬዲዮው ተዘጋ።

ዶክተሯ ፕሮቡን ራሳቸው አነሱ። "ቀጣይ" አሉ። ቀጣይዋ እኔ ነኝ። ስንቱን ሰው ያስተኛሁበት አልጋ ላይ ወጣሁ፤ ጣሪያው ላይ እንዲህ ያለ ቆሻሻ እንዳለ አላውቅም ነበር። እጄን ዘረጋሁ። እስካሁን ስቄ ስቄ አሁን ነው የፈራሁት፤ የአክስቴ ማንኪያ ፊቴ ላይ መጣ።

እትዬ አልወጣችም ነበር። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አሁንም ተቆጥታለች፣ ያስታውቃል። የታመመ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። ጄሉ ነው የሚቀዘቅዘው" አለችኝ።

ዓርብ

ዶክተሯ ፕሮብ ነሱኝ። "እጅሽ እስኪበርድ ስልክ ትይዣለሽ። ሬዲዮ አይደለሽ? አሰሚ" አሉኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያየኋቸውን ሰዎች ሁሉ እየደወልኩ "ይመለሱ፣ ተሳስተናል" እላለሁ። አናጢው ሰደበኝ፤ ልክ ነው። ነርሷ አለቀሰች። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ግን "እኔስ ማሽኑን አላመንኩትም ነበር" ብላ ሳቀችብኝ። የአናጢው አንጓ በርቷል፤ አጥንቱ ገና ነው፣ ደርሰንበታል። የሁለቱ ሴቶች የምር ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ ውስጥ ዞር ዞር ብዬ ጨፈርኩ።

ለእትዬ ድርጅት ዶክተሯ ራሳቸው ጻፉ። ይመልሷት ይሆን? አላውቅም።

ካቻቢቴ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። "ማሽኑን ልከታተለው" ይላል። ማሽኑ ደህና ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ

ልብ በል ደብተሬ፣ ጠዋት ነው። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፣ እማዬ ተኝታለች፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን ጠዋት ጠዋት የጻፍኩትን ገልጬ አየሁት፤ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ "ቸኩያለሁ"፣ "ልሩጥ"። ወዴት ነበር የምሮጠው? ሥራ የምገባው ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ነው፤ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ያለኝ ጣቴ ነበር። ማታ ማታ ግን ገጽ በገጽ። ዶክተሯ ቢያነቡት ያለ ማሽንም ያውቁ ነበር።

መድኃኒቱ ያቅለሸልሸኛል፣ የሳምንቱን እንክብል የምውጥበት ቀን ፊቴ አይታይም። ጨርሶ ይድናል ያለኝ ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ጣቶቼ አሁንም ያኮርፋሉ። ያለፈው ሳምንት ግን ዶክተሯ አይተውኝ ቀዩ ጠብ ጠብ ብቻ ሆኗል፤ አጥንቱ እንዳለ ነው። "ከሚቀጥለው ሰኞ ፕሮቡን ያዢ" አሉኝ። ያ ሰኞ ዛሬ ነው! የመጀመሪያዋ ቀጠሮ እትዬ ናት። ድርጅቱ መልሷታል፣ በግማሽ ቀን። ለግማሹ ገና እየተሟገትን ነው።

ቅዳሜ ካቻቢቴ የቀለበት ልክ መውሰጃ ክር ይዞ መጣ። ግራ እጄን ያዘ፣ ክሩን ጣቴ ላይ ጠቀለለ፣ ቆጠረ፣ አሰበ። "እብጠቱ ገና የሚቀንስ ይመስለኛል" አለ። "አንድ ጊዜ በዚህ እጅ ለክቼ ተሳስቻለሁ። አሁን ብለካው ይሰፋሻል። እንጠብቅ።" እማዬ ከጓዳ "ጠብቃችሁ እንዳትቀሩ!" አለች። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ደስ የሚል ቀጠሮ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

የጋውኔን ቁልፍ ራሴ ቆልፌያለሁ፣ አራቱን፤ አምስተኛውን ለእማዬ ትቼላታለሁ፣ እንዳይከፋት። ከመነሳቷ በፊት የማሩን ክዳን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬዋለሁ። ደግሞ እየው፣ ገጹ ሞላ፤ ገና ጠዋት ነው።